የጋሼ ኤንትሬ

ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ሻል አላቸው? ይዘሃቸው ሐዋሳ መግባትህን ከሰው ሰማሁ። ሙቀቱ ይስማማቸዋል መቼም።

«እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር። ትዝ ይልሃል፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደብዳቤ ስንማር ሁላችንም ያቺን መስመር ነበር የምንገለብጣት። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው ግን ስለ ናፍቆት ሲያወራ አያምርበትም። ሰረዝኳት።

ሰበብ አልደረድርም። ጋሼ ሲያርፉ ደብረ ሲና መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። መርዶው የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ለአርባቸው እደርሳለሁ አልኩ። አርባው አለፈ። ለሙት ዓመታቸው አልኩ። እሱም አለፈ። ከዚያ በኋላ እግሬን የያዘው ሐፍረት ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ስልክ ብደውል እንደምዘባርቅ ስለማውቅ ይኸው ጻፍኩ። ደግሞ አንድ የምጠይቅህ ነገር አለ። እሱን በኋላ።

አሁን ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዱ እንዳለ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት በር ስትከፍት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ማታ ማታ ጋቢዬን ደርቤ ከቤት ንቅንቅ አልልም። ምን ስሠራ እንደማመሽ ብነግርህ ትስቃለህ፤ የፕላስቲክ መኪና እገጣጥማለሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ባለቤቴ መጀመሪያ ለልጁ መስሏት ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛዬን በአንሶላ ትሸፍነዋለች።

የተጀመረው የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ባመጣልኝ ሳጥን ነው። ኢታለሪ የሚባል የጣሊያን ድርጅት የሚያወጣው የከባድ መኪና ሳጥን። ስትከፍተው መኪና የለም። የፕላስቲክ ቅርንጫፎች አሉ፤ ቁርጥራጮቹ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለውባቸዋል። ልኩ 1 ለ24 ነው። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው 7 ሴንቲ ይሆናል ማለት ነው። አውሮፕላን የሚወዱት 1 ለ72 ወይም 1 ለ48 ይሠራሉ፣ ታንክ የሚወዱት 1 ለ35። ይቺ 35 ከየት መጣች ብትለኝ፣ የጃፓኑ ታሚያ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሲሠራ፣ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ የሚያስገባለትን መጠን ፈልጎ ነው። በባትሪ ድንጋይ ምክንያት የዓለም ልክ ሆና ቀረች።

እኔ ግን ሳጥኑን ሳይ የመጣችብኝ የጋሼ ኤንትሬ ነች። ያቺ የጭነት መኪናቸው፣ ፊያት 682። ጣሊያኖቹ «የአፍሪካ ንጉሥ» ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረች መኪና፣ በእኛ ልጅነትም ጣርማበርን እያቃሰተች ትወጣ ነበር። አገሩ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ ቢነዳም የጋሼ መሪ በቀኝ በኩል እንደነበረ አትረሳም። ለመቅደም ሲፈልጉ ረዳቱ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ግቡ ጋሼ!» ይላል። እሳቸው በዚያች ቃል ብቻ ተማምነው ይገባሉ። አሁን ሳስበው ላብ ያሰምጠኛል።

ያኔ እኛም ሠርተናታል። ካሶኒው የዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማው የአሮጌ ሸበጥ ሶል። «አሮጌ» ያልኩት ለወጉ ነው። አንተ ሶሉን የቆረጥከው ከእትዬ ደህናው ጥንድ ላይ መሆኑን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው መኪና ሌላ ነው። ሻንሲውንና ጎማውን ወሰድኩለት። ጋቢናውን ራሴ ልሠራው ተነሳሁ። ፕላስቲክ ከየት? ከሲዲ ማቀፊያ! ያ የሚሰባበረው ጠንካራ ክዳን ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊስታይሪን ይሉታል። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ ካየህም እሱው ነው። ድሮ ካሴትና ሲዲ ይሸጥ የነበረ፣ አሁን የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ልጅ አንድ ፌስታል ሙሉ በነጻ ሰጠኝ። አቆራረጡ ቀላል ነው። በምላጩ ጀርባ በማስመሪያ አስደግፈህ አራት አምስቴ ትጭረዋለህ። ከዚያ ስታጥፈው ቀጭ ብሎ በመስመሩ ይሰበራል። እቆርጠዋለሁ ብለህ በምላጭ አፍ ከገፋኸው ጣትህን ነው የምትቆርጠው። ጠባሳው አለኝ።

ማጣበቂያውን ግን ብታየው ጋሼ ራሳቸው ይወዱት ነበር እላለሁ። ስሙ ማጣበቂያ ይባል እንጂ ብየዳ ነው። እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው፣ ክዳኑ ላይ ቀጭን ብሩሽ አለው። ሁለቱን ቁራጭ ደረቅ እንደሆኑ ገጥመህ ትይዛለህ። የብሩሹን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ ታስነካለህ፣ አትቀባም። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ሮጦ ይገባል፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው። ቀስ አድርገህ ስትጫነው ከመጋጠሚያው ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ጥቃቅን ዶቃ ብቅ ይላል። ያኔ እጅህን ሰብስብ። በልብስ መቆንጠጫ ይዘህ አሳድረው። በማግስቱ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ስታስተካክለው መጋጠሚያው የት እንደነበር አታገኘውም። የቀረ ክፍተት ካለ የቅርንጫፉን ፍርፋሪ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ አሟሙተህ እንደ ስቱኮ ትሞላበታለህ።

ሱፐር ግሉ ለብረትና ለጎማ ይሁን። እኔ ቸኩዬ የፊት መስታወቱን በእሱ ባጣብቀው በነጋታው ጉም የለበሰ ይመስል ነጣ። ትነቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። መስታወት በእንጨት ኮላ ነው የሚያዘው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል።

መብራት መጥፋቱን አትጠይቀኝ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከተማዋን ደብረ ብርሃን ያሏት ይህን ሁሉ ሳያዩ ነው። ግን ሻማም ሥራ አለው። የተረፈውን ቅርንጫፍ ከነበልባሉ በላይ ትንሽ ከፍ አድርገህ እያሽከረከርክ ታሞቀዋለህ። መሐሉ ሲለሰልስ ከእሳቱ ታወጣውና በሁለት እጅ ትስበዋለህ። ቀስ ካልክ እንደ ሽቦ፣ ከፈጠንክ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። የዝናብ መጥረጊያውንና የጎን መመልከቻ መስታወቱን ዘንግ የሠራሁት በእሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

ሐምሌ ላይ ጋቢናው አለቀ። ሰማያዊ የጣሳ እስፕሬይ ገዛሁ። ውጭው ጉም ነው፣ ካፊያም አለ። በረንዳ ላይ ቆሜ ነፋሁት፣ አንዴ አይደለም፣ ደግሜ ደጋግሜ፣ በወፍራሙ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰማያዊው ላይ እርጎ የፈሰሰበት መሰለ። ለካ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው ቀለሙ ላይ ይቀመጥና ያነጣዋል። በዚያ ላይ ከታች በኩል ተንጠባጥቧል። የአራት ወር ሥራ! ወርውሬ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የፍሬን ዘይት ትዝ አለኝ።

ጋሼ ፍሬን ሲያናፍሱ ጣሳ ይዘን የቆምን ቀን አልረሳህም መቼም። አንተ ልትቀበል ስትል፣ እኔ ልያዝ ስል፣ ጣሳው ተገልብጦ የጎማው መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው ላይ ፈሰሰ። እኔ በጨርቅ ልጠርግ ስሮጥ እሳቸው ከመኪናው ሥር «ውሃ! ውሃ አምጡ፣ ጨርቁን ተዉት!» ብለው ጮኹ። እኛ ዘይትን በውሃ ማጠብ እብደት መስሎን ተፋጠን ቆምን። ውሃው እስኪመጣ ድረስ ቀለሙ ተሸብሽቦ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ። ዱላ ጠብቀን ነበር። እሳቸው ቁጭ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይኸው፣ ቀለም ማንሻ ስትፈልጉ ይሄን ግዙ» አሉን። ከዚያ የተረፈ ቀለም ከየትም ፈልገው በብሩሽ ቀቡት። አልገጠመም። ያ ዥንጉርጉር እስከ መጨረሻው አብሯት ዞረ።

ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ጋቢናውን በፕላስቲክ ሣህን ነከርኩት፣ ክዳን ገጠምኩለት፣ ልጁ እንዳይደርስበት ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ጓንት አድርጌ በማግስቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብፈትገው ቀለሙ በቁሙ ወረደ፤ ፕላስቲኩ ምንም አልሆነም። በላርጎ አጠብኩት። ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ስቄ ስቄ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባለቤቴ መጥታ አየችኝና ምንም ሳትል ተመለሰች።

ሁለተኛውን ቀለም የቀባሁት ጥቅምት ላይ ነው፣ በጠራ ፀሐይ። በዚህ ጊዜ የአጎቴ ልጅ በላከልኝ የቻይና ቀለም መንፊያ፣ እስክሪብቶ የምታክል ናት። አየር የምትፈልገው ትንሽ ነው፣ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃታል። እኔ ያገኘሁት ኮምፕሬሰር ደግሞ የጎሚስታ ጎረቤቴ ነው፣ የሲኖትራክ ጎማ የሚሞላበት። የአየር ግፊት መቀነሻ ሳንገጥም በመጀመሪያው ቀን ስንሞክረው የጋቢናው በር በርሮ ቦይ ገባ። ጎሚስታው ራሱ ገብቶ አወጣልኝ። አሁን መቀነሻ አለን። ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥነህ፣ ከአንድ ጣት ርዝመት ትንሽ ራቅ ብለህ፣ ስስ አድርገህ እየደራረብክ ትነፋለህ። የመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩን መሸፈን የለበትም። እሱን ለመልመድ ነው ትዕግሥት ያስጨረሰኝ።

የአቧራውም ነገር አስቆኛል። እውነተኛ የጣርማበር አፈር ይሁንላት ብዬ ለሥራ ሳልፍ መንገድ ዳር ወርጄ በፌስታል ዘገንኩ። ቆሎ የሚሸጡት ሴቶች አብጃለሁ ብለው አዩኝ። ቤት መጥቼ ብበትነው መኪናዋ ናዳ የወረደባት መሰለች። ልኩን ረስቼ! 1 ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በ1 ለ24 ከ2 ሴንቲ በላይ የሆነ ድንጋይ ናት። በሴት ስቶኪንግ ሁለቴ ነፍቼ፣ ያለፈችውን ዱቄት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ አለበስኳት። ሻንሲው ላይና ከጎማው ኋላ በዛ አደረግኩት፣ ጣሪያው ላይ ነካ ብቻ። አሁን ወልድያ ደርሳ የተመለሰች ትመስላለች።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። ያ ዘይት የፈሰሰበት ፓራፋንጎ የቀኙ ነው የግራው? እኔ ጋሼ የሚወጡበት በኩል ይመስለኛል። ከዚያ ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ ፀሐዩ ከፊታችን ነበር፣ መኪናዋ የቆመችው ወደ ሸዋ ሮቢት ዞራ ነው፣ ስለዚህ ግራ መሆን አለበት እላለሁ። ምሽቱን ሙሉ እንዲህ ስገለባበጥ አድሬ አውቃለሁ። ጋሼ በኋላ የቀቡትስ ቀለም ምን ነበር፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አልነበረም? ካሶኒው ኋላ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ፤ ፊደሉ ቢጫ ይሁን ነጭ ግን ጠፍቶብኛል። እትዬ ሳጥን ውስጥ ለፋሲካ ከመኪናዋ ፊት የተነሳነው ፎቶ ነበር። ካለ በስልክ አንስተህ ላክልኝ። ከሌለ እሳቸውን ጠይቅልኝ፣ እሳቸው አይስቱም።

የሸበጡን ነገር ግን አታንሳባቸው።

ሁለቱም ፓራፋንጎ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። አንዱንም አልቀባሁም፣ አላጣበቅኩም። በወረቀት ፕላስተር ገጥሜ እያየኋቸው ነው።

አብሮ አደግህ
ደብረ ብርሃን