የሚኒ ሚዲያና የሥነ ዜጋ ክበብ ዘገባ፦ ከውጭ የሚሠራጭ የምርጫ ሐሰት

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ርዕስ የውጭ ኃይሎች በሌላ አገር ምርጫ ላይ የሚያሠራጩት የሐሰት መረጃ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ከሞላ ጎደል የወሰደው በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ከተማ የሂውስተን ጉዳይ ነበር። ሜይ 21 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በአንድ የእስልምና ማዕከል ደጃፍ ሁለት ሰልፎች ተፋጠጡ። አንዱን የጠራው ለቴክሳስ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል የፌስቡክ ገጽ፣ ሌላውን ደግሞ የሙስሊሞች ድምፅ ነኝ የሚል ገጽ ነው። ሁለቱም የሚዘወሩት ከሩሲያ፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ነበር፤ ለማስታወቂያ የወጣው ወደ 200 ዶላር ብቻ መሆኑ በአሜሪካ ሴኔት ተገልጿል። ቁርሾው ግን ቀድሞም የነበረ ነው፤ ከውጭ የመጣው ቆስቋሹ ነው። ስለዚህ አባላት «እውነት ነው?» ከሚለው ጋር «ከማን ጋር ሊያጣላኝ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ተደርጓል። ለእኛም ሩቅ አይደለም፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ከግብፅ የሚንቀሳቀሱ፣ በኢትዮጵያም ላይ ያነጣጠሩ የሐሰት አካውንቶችን ዘግቷል።

አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ስክሪንሾት ይነሣል፤ ሊንኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እንዲህ ያሉ ገጾች ሲነቃባቸው ይጠፋሉና ይህ አይዘለልም። ከዚያ የድረ ገጹ አድራሻ እስከ ጭራው ፊደል በፊደል ይነበባል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው ዶፔልጋንገር የተባለ የሩሲያ ዘመቻ የጀርመኑን መጽሔት ሽፒገልንና የፈረንሳዩን ጋዜጣ ለ ሞንድን መስሎ የቀረበው መልካቸውን እንዳለ ገልብጦ፣ የአድራሻቸውን መጨረሻ ብቻ ቀይሮ ነው። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ የቀድሞ ስሞቹና አስተዳዳሪዎቹ ያሉበት አገር ይታያል፤ የኳስ ደጋፊዎች ገጽ ሆኖ ቆይቶ ምርጫ ሲቃረብ ስሙን የለወጠ ገጽ አይታመንም። ፎቶ በጎግል ሌንስ (የፎቶን ምንጭ መፈለጊያ) ሲፈለግ ላዩ ላይ የተጻፈው ተቆርጦ ይውጣ፤ አለዚያ ፍለጋው ጽሑፉን ተከትሎ ይስታል።

ከሁሉም የሚከብደው የድምፅ ቅጂ ነው። በሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. በስሎቫኪያ፣ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ የፓርቲ መሪ ምርጫ ስለማጭበርበር ሲያወራ የሚያሰማ የፈጠራ ቅጂ ተለቀቀ። ጊዜው ቅስቀሳ የሚከለከልበት ስለነበር ማስተባበያው እንደ ሐሰቱ ሊሮጥ አልቻለም። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ለዞረ ድምፅ መነሻውን ማግኘት አዳጋች ነው። መቼና የት ተባለ፣ ማን ነበረ፣ ሙሉው ቅጂ የት አለ ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ ከሌለ አይተላለፍም።

በእረፍት ሰዓት የሚነበበው ማስተካከያ በእውነቱ ይጀምራል፤ ሐሰቱ አንዴ በአጭሩ ይነሣና እውነቱ ይደገማል። «እንዲህ ተብሏል» ብሎ መጀመር ጉዳት አለው፤ ግቢው ሲንጫጫ ተማሪው የሚሰማው የፊተኛውን ዓረፍተ ነገር ነውና ወሬውን ይዞ ይሄዳል። «ውሸት ነው» ብሎ ራሱን ልጥፉን ሼር ማድረግም ያው ነው።

መዝገቡ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። በመጪው ዓመት የድምፅ ቅጂ ማጣራት ልምምዱ ይሰፋል፤ ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ግሩፕ ያላቸው ወላጆችም ይጋበዛሉ።