ቀበሮውን ወደ ጮቄ ከመመለስህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትህም ወገቡ ተሽሎት አጥር ማጠር ጀምሯል። ከባሌው ሳነቴ አምባ የላክኸውን የቀይ ቀበሮ ፎቶ ለቡና የመጣ ሁሉ አይቶታል። ግማሹ «ውሻ አይደል እንዴ?» ይለኛል። ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ይህን ሰምታ እንዴት ዝም ትላለች? ሹል አፉን፣ የጉሮሮውን ነጭ፣ ጫፉ የጠቆረውን ጭራ እያሳየሁ ስከራከር ቡናው ቀዘቀዘ።

«ከባሌ ጥቂት ጥንድ አምጥተን እዚያ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ላይ ብንለቃቸውስ?» ላልከኝ ግን ቶሎ እሰይ አልልህም።

ጮቄ የቀይ ቀበሮ አገር እንደነበር እውነት ነው፤ ዛሬ የለም። እንስሳው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጭ ምድር፣ በቀን አይጥ እያደነ የሚኖር ነው፤ አይጡ ደግሞ ያለ ሣር አይኖርም። ገብሱና ድንቹ ሽቅብ ሲወጣ፣ የተረፈውን ጓሳ፣ ያን የደጋ ሣር፣ ከብት ሲግጠው ምን ይብላ? ገበሬውን መውቀሴ አይደለም። መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ያለቀበት ሰው ከሽቅብ ሌላ መሄጃ አልነበረውም።

የእኛን የሚያብሰው ደግሞ ዓባይ ነው። ከማዶ፣ ወሎ ቦረና ሳይንት ላይ ዛሬም ቀይ ቀበሮ አለ። ከደጀን ቁልቁል ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ላብ እንዴት እንደሚያጠምቀን ታውቃለህ፤ ውርጭ የለመደ የደጋ እንስሳ ያንን ቆላ አቋርጦ አይመጣም። ስለዚህ ጎጃም ላይ አንዴ ከጠፋ በራሱ የሚተካ የለም።

ታዲያ ሰው ያምጣው ትለኛለህ። ከባሌ ግን አይሆንም። ከስምጥ ሸለቆ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ንዑስ ዝርያ ተብለው ይለያሉ፤ የእኛው የሰሜኖቹ ወገን ነው። ያንተዎቹ የሚመኩበት እስከ አንድ ኪሎ የሚደርስ ትልቁ ፍልፈልም ከባሌ ውጭ የትም የለም። አኗኗራቸውንም አስብ፦ አደኑን ለየብቻ ነው የሚያድኑት፤ ማለዳና ማታ ግን ተሰብስበው ሽንታቸውን እየረጩ ወሰናቸውን ይዞራሉ። ባብዛኛው የምትወልደው የመንጋው አለቃ ብቻ ናት፣ ያውም በዓመት አንዴ፤ ሌሎቹ የበሉትን እያስመለሱ ግልገሎቿን ይመግባሉ። ሁለት ሦስት ጥንድ ነጥለህ ስታመጣ ሞግዚቶቹን እዚያው ትተሃቸው መጣህ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ውሻው ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እናንተ ዘንድ ነው። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ከውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ፈጅቷቸዋል። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርገው ማብላት መጀመራቸው ተመስገን ነው። ጮቄ ላይ ግን እረኛ ያለ ውሻ አይወጣም። ከእነዚያ ውሾች ስንቱ ተከትቧል? የእኛውን እንኳ ጎትቼ ያስከተብኩት እኔ ነኝ፤ አባትህማ «እሱ ጤነኛ ነው» ባይ ነው።

እኔ ብሆን ከውሾቹ ነበር የምጀምረው፤ ቀጥሎ ከጓሳው። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ በጋራ ከፍቶ ያጭድ ነበር፤ ቀበሮው እዚያ እስካሁን አለ። የጮቄ ሰውም ሣሩ ለገመድና ለክዳን እንደሚሆን ያውቃል፤ የሚከብደው መዝጋቱ ነው። ዘግቶ ለቆየበት ዓመት ከብቱ ምን እንደሚበላ ሳትነግረው ስለ ቀበሮ ብታወራለት ማን ይሰማሃል?

ለፋሲካ ስትመጣ እስከ ሮብ ገበያ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወደ ጮቄ እንወጣለን። ጓሳው የተረፈባቸውን ቦታዎች በስልክህ መዝግብልኝ፤ እኔ ደግሞ ሰዎቹን አነጋግራለሁ። ወፍራም ጃኬት ያዝ፤ ያለፈውን ዓመት የእኔን ለብሰህ አደርክ።

እናትህ