ቀለል ያለ ጠላ ለአባባ

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? አባባስ እንዴት ናቸው? እጃቸው እንደ ድሮው ሆነላቸው?

ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክሽን እያወጣሁ ሳልደውል ቀረሁ። አፍሬ ነው። አባባ ያን ቀን የግቢያችን ደረጃ ላይ ሲወድቁ አንቺ «ዕድሜ ነው» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን ጠላው ውስጥ ምን እንደጨመርኩ አውቅ ነበር። አልነገርኩሽም። ይቅር በዪኝ።

እንግዳ ፊት ቅራሪ አቀረበች እንዳልባል ፈርቼ ነበር። ብቅሉን ከእማዬ ልክ እጥፍ አደረግኩት። አልበቃኝም፤ ድፍድፉ ላይ 2 ኪሎ ስኳር ጨመርኩ። እርሾው ስኳሩን በልቶ ስለጨረሰው ሲቀመስ አይጣፍጥም። አይከብድም። እንደ ውሃ ይወርዳል። አባባም ቀሎአቸው ሦስት ጣሳ ጠጡ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ጋ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ተማርኩ። እኛ ሰፈር ጠላ ሲያሰክር «ጌሾው በዝቶበት ነው» ይባል የለ? ጌሾ የሚሰጠው ምሬቱን ነው፤ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ኃይሉ የሚመጣው ከእህሉ ነው። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል። እህልና ብቅል በዝቶ ውሃው ሲያንስ ጠላው ይበረታል። ተራው የቤት ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 አልኮል አለው። ፊልተር የሚባለው የተጣራው ጠላ 5 እና 6 የሚደርሰው ውሃው ስለሚያንስ ነው።

ቀለሙም ያታልላል። ጥቁር ጠላ ኃይለኛ ይመስለናል። ጥቁረቱ ግን የሚመጣው ከአሻሮው፣ ማለትም ከተቆላው እህል፣ እና ከእንኩሮው፣ ማለትም ምጣድ ላይ ከሚታመሰው የዱቄት ሊጥ ነው። እንዲያውም በጣም የተቆላ እህል ለእርሾው የሚተርፈው ስኳር ትንሽ ነው። ይህን ሳውቅ ነው አባባ ትዝ ያሉኝ። ጠላ ሲቀጥን አይወዱም፤ ሲበረታ ደግሞ አይችሉትም።

በመጀመሪያ ብቅሉንም ጌሾውንም ቀነስኩ። በአራተኛው ቀን ኮመጠጠና ደፋሁት። ቀጥሎ የበረታውን ጠላ መጨረሻ ላይ በውሃ አቀጠንኩት። ውሃ ውሃ አለ፤ እማዬ አንዴ ቀምሳ ጣሳውን አስቀመጠችው። በሦስተኛው እህል በረንዳ ሄጄ ጥሩ ገብስ ገዛሁ። ብቅሉን በግማሽ ቀነስኩ። ጌሾውን አልነካሁም። እንኩሮውን ግን ምጣዱ ላይ ቡና እስኪመስል አመስኩት፤ እንዳያርር እጄን ከማማሰያው አላነሳሁም። ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ አጠንኩት። ስኳር የሚባል አልገባበትም። ጉሹንም ለማንም አልቀዳሁም፤ በደንብ እስኪጠል ጠበቅኩት።

ወጣ፣ እህቴ! ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ አፍ የሚሞላ። አንድ ጣሳ ጠጥቼ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ጭንቅላቴ ቀላል ነበር። እማዬ ሁለተኛ ጣሳ ስትጠይቀኝ አለቀስኩ።

ለመስቀል ይምጡልኝ። ቀለል አለ እንጂ አልኮል አለው፤ ስለዚህ የግፊት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ከሆነ አስቀድመሽ ሐኪማቸውን ጠይቂልኝ። አይሆንም ካላቸው ቡና አፈላላቸዋለሁ፤ አብረን መቀመጣችን ይበልጥብኛል። መንገዱ ሰፍቶ የድሮው ምልክታችን ብዙው ስለሌለ ዓድዋ መታሰቢያው ጋ ስትደርሱ ደውዪልኝ። ወጥቼ እቀበላችኋለሁ።

ደረጃው ላይ የብረት መደገፊያ አስገጥሜአለሁ። በቀኝ በኩል ነው፤ በደህናው እጃቸው እንዲይዙት።

ናፋቂሽ