ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት

ባሕር ዳር፣ ጥር 14

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሙሌ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማማ ተዝካር ላይ ሳልገኝ መቅረቴ ሆዴን ሲበላው ከረመ፤ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር የምጀምርበት ቃል እየጠፋኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ይቅር በለኝ። የቀረውን ፊት ለፊት እንነጋገረዋለን፣ አሁን አንድ ጉዳይ አስቸኩሎኛል።

ያቺ የአፈር ተመራማሪዋ ልጅ ለፖስት ዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ ለሚሠራው የጊዜያዊ ውል ምርምር፣ ወዳንተ ልትመጣ ነው። የምትሞክረው አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ጨምሮ ጤፍ መዝራትን ነው። አማካሪዋ አንተ መሆንህን ስሰማ እልል ብያለሁ። ደብዳቤዋ ላይ ግን ሥራ የምትጀምረው ነሐሴ 1 ነው ይላል። ሙሌ፣ እባክህ ይህን ቀን አስቀይረው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ውሉ 24 ወር ነው። ነሐሴ ስትደርስ ጤፉ ተዘርቷል፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ዘሯ የሚመጣው ሐምሌ ማለትም 12ኛው ወር ላይ ነው። ሁለተኛውን የምትዘራው ደግሞ ውሉ በሚያልቅበት ወር ነው፣ አዝመራውን ሳታየው ትሄዳለች ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሠርታ የአንድ ክረምት ውጤት! የሳይንስ መጽሔቶች ደግሞ የአንድ ዓመት የማሳ ውጤት ሲያዩ ብዙ ጊዜ ይመልሱታል፤ የዝናቡን ተጽዕኖ ከኖራው መለየት አይቻልማ። ሚያዝያ 1 ብትጀምር ግን ሁለት ጊዜ ትዘራለች፣ ሁለተኛውን ታኅሣሥ ላይ ትወቃለች፣ ለመጻፊያም ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ይተርፏታል።

ሚያዝያ የሚያዋጣው ግን ኖራው ቀድሞ ከተገዛ ብቻ ነው። ኖራው ከአፈሩ ጋር እንዲዋሐድ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ መግባት አለበት፣ ሰኔ መጀመሪያ ማለት ነው። ሰኔ ደግሞ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ነው፤ አዲሱ በጀት ከሐምሌ 1 በኋላ እስኪለቀቅ የቀን ሠራተኛ የሚከፈልበት ገንዘብ አይገኝም። መጠኑን አስላው፦ 3 በ4 ሜትር ለሆነ ፕሎት (የሙከራ መደብ) በሄክታር 20 ኩንታል ስሌት 2.4 ኪሎ ነው። የኖራው ንጥረት 80 በመቶ ብቻ ከሆነ 3 ኪሎ ይሆናል፣ ስለዚህ ሳይመረመር አይረጭ። በሄክታር 0፣ 10፣ 20 እና 30 ኩንታል በአራት ድግግሞሽ በሦስት ገበሬ ማሳ ቢሞከር እንኳ ሁለት ኩንታል ይበቃታል። እንዲህ ያለች ትንሽ ግዢ ናት ሳትፈረም የምትከርመው! ግዢውን በስምህ አሁኑኑ አስጀምርላት።

በምሥራቅ ጎጃም ማቻከል ወረዳ ያለውን የሙከራ ማሳም አደራ። የኖራ ጉልበት ለዓመታት ስለሚቆይ በሁለተኛው ዓመት ያው ፕሎት ላይ ነው መዘራት ያለበት። ከአጨዳ በኋላ ከብቱ ሲገባ ችካሉ ይነቀላል፤ የስልክ ጂፒኤስ ደግሞ በሜትሮች ስለሚስት እንዲህ ላለ ጠባብ ፕሎት አይረዳም። ከማይነቃነቅ ድንጋይ ተነሥታ በሜትር ለክታ ትጻፈው። ዳግም ሲታረስም በሬ አይግባ፤ ማረሻው ኖራ የገባበትን አፈር እየጎተተ ኖራ ወዳልገባበት ፕሎት ያስገባዋል። በዶማ ይቆፈር።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብደኝ ነገር አለ። ላንተ እንዲህ ብዬ መጻፍ ደፍሬ አላውቅም፣ ግን ልበለው። ፖስት ዶክ ተማሪ አይደለችም፣ ቋሚ መምህርም አይደለችም፤ መመረቂያ የላት፣ የመምሪያ ስብሰባ ላይ ወንበር የላት። ስለዚህ የጎደለው ኮርስ ሁሉ እሷ ላይ ይጫናል። ከአንድ ኮርስ በላይ እንዳይሰጧት። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት አንድ ገጽ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት፦ በየትኛው ጽሑፍ መጀመሪያ ስሟ ይወጣል፣ ከመጽሔቱ ጋር የሚጻጻፈው ማነው፣ ዳታው የት ይቀመጣል፣ ስትሄድ የትኛውን ጥያቄ የራሷ አድርጋ ይዛ ትሄዳለች። የመጨረሻዋ ትበልጣለች፤ እሷ ካልተጻፈች፣ ኋላ አማካሪና ተመካሪ ለአንድ የምርምር ገንዘብ ይሻማሉ። ለምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እንኳ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖስት ዶክ የሚቀጥር አመልካች የምክር ዕቅዱን በአንድ ገጽ እንዲያያይዝ አስገድዷል።

ስሞቹን በተመለከተ... የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ገንዘብ ማምጣት ብቻውን ወይም በበላይነት መምራት ብቻውን ደራሲ አያደርግም ይላል። የኛ ሙያ ባይሆንም ደንቡ ለኛም ይበጃል። የመምሪያው ኃላፊ ስም በልማድ እንዳይገባ የምትከላከልላት አንተ ነህ። ተማሪ ሳለን ለማንም ጎንበስ የማትለው አንተ አልነበርክ? ያን ግትርነትህን ለሷ አውልላት።

በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ስጣት፣ ቢሮህን ዘግተህ፣ ስልክህን አጥፍተህ። መጀመሪያ የከሸፈባትን ጠይቃት፤ ካልተጠየቀች አትናገርም፣ ዝምተኛ ናት።

የቀን ለውጡን ደብዳቤ እስከ የካቲት 5 አስገብተህ ደውልልኝ። ለኖራው ደጀን ድረስ መኪና ካጣህ እኔ እመጣለሁ፣ በዚያው እማማ መቃብር አብረን እንሄዳለን።

ወንድምህ