ከመፈረምህ በፊት

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ፣ ማታ ማታ ያስተኛሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ «ሰ» ማለት አቅቶት እያሳቀን ነው፣ ትልቋ በቁመት ልትደርስብኝ ነው፣ ሂሳብ ላይ ግን ያው እንደኔ ናት። እሺ በቃ፣ ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን ልተወው።

ስልክ ላይ «ለፕሮስቴት ካንሰሬ አዲስ መድኃኒት ተገኘልኝ» ነው ያልከኝ። ወረቀቱን ሚሚ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ (እንዳትቆጣት) ሳነበው ፌዝ ዋን ትራያል ነው፣ የመድኃኒት ሙከራ የመጀመሪያው ደረጃ። አባዬ፣ ፌዝ ዋን እኮ በዋናነት ሰውነት ምን ያህል ዶዝ ይችላል፣ ጉዳቱስ ምንድነው የሚለውን ማያ ነው፣ ይሠራል አይሠራም የሚለው በደንብ የሚታየው ከዛ በኋላ ነው። ከንቱ ነው እያልኩህ አይደለም። እስካሁን ያቆየህ አቢራተሮን ራሱ በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ የተፈቀደው፣ ኬሞ ወስደው በሽታው የጠናባቸው 1195 ሰዎች ሙከራ ገብተውበት ነው፣ ሲሶው ፕሬድኒሶን ከሚባለው ስቴሮይድ ጋር የዋጡት ባዶ ኪኒን ነበር። መድኃኒቱ የደረሳቸው በመካከለኛው ቁጥር (ግማሹ ከዛ በላይ፣ ግማሹ ከዛ በታች) 14.8 ወር ኖሩ፣ ሌሎቹ 10.9። ድሮ ቢሆን ለአራት ወር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ እል ነበር፣ አሁን አራት ወር ስንት ነገር እንደሚይዝ እያሰላሁ ነው።

የከፋኝ ሙከራው አይደለም። ለእማዬም እንዲሁ ነው ያደረግከው። ዶክተሩ ያለህን ለብቻህ ይዘህ «ይሻላታል፣ እናንተ ተማሩ» እያልክ እኛም አምነን ፈተናችንን ስናጠና ሄደችብን። እንዳንረበሽ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ያው ተረበሽን፣ እስከዛሬም አለቀቀኝም። በራስህ ደግሞ እንዳትደግመው።

ጂንህ ተመርምሯል ወይ ብለህ ጠይቃቸው፣ ቢአርሲኤ ቱ የሚባለው ላይ ችግር ከተገኘ ኦላፓሪብ የሚባል የተፈቀደ መድኃኒት አለ፣ ለኛም ለልጆችህ ማወቁ ይጠቅመናል። የሆርሞን መርፌው ይቀጥል እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜው ደምና ስካን እንዳለም ጠይቅ። የደም ማቅጠኛ እንደምትወስድ ንገራቸው፣ እባክህ። ደሞ ከፈረምክም በኋላ በፈለግክ ሰዓት መውጣት መብትህ ነው፣ ምክንያት የመናገር ግዴታ እንኳን የለብህም። ዶክተሩን ላለማስቀየም ብለህ እያመመህ «ደህና ነኝ» እንዳትል፣ አውቅሃለሁ።

መግባት ከፈለግክ ግባ፣ እኔ አልከለክልህም። ብቻ በቀጠሮህ ቀን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ዝም ብዬ እሰማለሁ። ምናልባት አንድ ሁለት ጥያቄ ብቻ።