ዋሽንቱን ማን ነፋው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የኪነ ጥበብ ገጻችሁን ሳላነብ የማልፈው ሳምንት የለም። አዲስ አልበም ሲወጣ ግጥሙን ማን እንደ ጻፈው፣ ዜማውን ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) የት እንደ ተሠራ ትዘረዝራላችሁ። «ዋሽንቱ አንጀት ይበላል» ብላችሁም ታውቃላችሁ። የነፋውን ሰው ስም ግን አንድም ቀን ጽፋችሁ አላየሁም።

እኔ ከ20 ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ዋሽንት ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ አድማጭ ባንዱ አንድ ላይ ተቀምጦ የተጫወተ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። አቀናባሪው ከበሮውን፣ ቤዙንና ኪቦርዱን በኮምፒውተር ይጨርሳል፤ ድምፃዊው ይዘፍናል፤ ከዚያ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ሳክስፎኑና ተቀባዮቹ በየተራ እየተጠሩ በላዩ ይጨመራሉ። ኦቨርዳብ የሚባለው ይህ ነው። ድምፃዊውን በዓይኔ ሳላየው የሠራሁባቸው አልበሞች ብዙ ናቸው።

ኪቦርድ አይሞቀውም፣ አይበርደውም። ዋሽንት ግን ሸምበቆ ነው፤ ጠዋት ሲበርደው ድምፁ ይወርዳል፣ ትንፋሽ ሲያሞቀው ይወጣል። ስለዚህ ተራዬ እስኪደርስ ጃኬቴ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር አቅፌው እቀመጣለሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ የምዞራቸው 14 ናቸው። ድምፃዊው ከበደኝ ብሎ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ከተደረገ ሌላ ዋሽንት ይመዘዛል። ቅኝቱ አንቺሆዬ ሲሆን ደግሞ ጭንቁ ሌላ ነው። ጆሮ የሚፈልገው ድምፅ በኪቦርዱ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቅበት ጊዜ አለ። እኔ ቀዳዳውን በጣቴ በከፊል ሸፍኜ አገኘዋለሁ፤ ኪቦርዱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሁለቱ እንዳይጣሉ የቱን ድምፅ ማንሸራተት፣ የቱን መዝለል እንዳለብኝ የምወስነው ዘፈኑን በሰማሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ነው። ማንም ኖታ ጽፎ አይሰጠኝም። «እዚህ ጋ ትንሽ ሐዘን ጨምርበት» ይሉኛል፤ መግቢያውን እኔው ፈጥሬ እነፋለሁ። በኋላ ሰው በየመንገዱ የሚያፏጨው ያንን መግቢያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚኒባስ ታክሲ ስሄድ ሬዲዮው የማላውቀውን ዘፈን ከፈተ። ዋሽንቱ የእኔ ነበር። ለሌላ ዘፈን የነፋሁትን ቆርጠው አስቀምጠውት ኖሯል። በምን ለየኸው ትሉኝ ይሆናል። ከሦስተኛው ድምፅ በፊት የምስባት ትንፋሽ አለች፤ በተቀዳሁበት ቀን ጉንፋን ይዞኝ ስለ ነበር ሻከር ያለች ናት። ሰው የገዛ ልጁን ሳል በሌሊት እንደሚለይ ለየኋት። የተከፈለኝ ለአንድ ቀንና ለአንድ ዘፈን ነው፤ ወረቀትም አልተፈራረምንም። ሄጄ ብጠይቅ «ዋሽንት ሁሉ አንድ ነው» ተባልኩ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

በካሴት ዘመን ቢያንስ ሽፋኑ ላይ ሮሃ ባንድ፣ ዋልያስ ባንድ ተብሎ ይታተም ነበር፤ ተጫዋቾቹን ደግሞ ከተማው ያውቃቸዋል። አሁን የቀረን ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ሥር የሚሰፍረው ጽሑፍ ነው። እዚያ የተወዛዋዦቹን ልብስ ያዘጋጀችው እኅት ስሟ ይጻፋል፤ ይጻፍም፣ ይገባታል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ግን የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቀኛን ከዋኝ፣ ማለትም ሥራውን ተጫውቶ የሚያቀርብ፣ ብሎ መብት ሰጥቶታል። ስሙ ያልሰፈረ ሰው ያንን መብት ይዞ የማንን ደጅ ይጠናል?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት አቀናባሪ ሥራዬን ጨርሼ ዋሽንቶቼን ስጠቀልል «ጋሼ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ ከዘፈኑ ሥር ላስገባው» አለኝ። የአባቴንም የአያቴንም ስም ጨምሬ ጻፍኩለት።

ከእናንተ የምለምነው ከዚህ የበለጠ አይደለም። ድምፃዊ ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ማሲንቆውን ማን እንደ ተጫወተው፣ ተቀባዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ጠይቁና መልሱን አትሙ። ድምፃዊው ባያውቅ አቀናባሪውን ጠይቁት፤ ስልካችንን የያዘው እሱ ነው።

አክባሪያችሁ
ዋሽንት ነፊው፣ ከአዲስ አበባ