ቀዳሚ ተወዛዋዣችን ከመድረክ ወደ ማሰልጠንና ማቀናበር ስለመዛወሯ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ለመጪው የጥር ሠርግ ቀብድ ከከፈላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ «እሷ ራሷ ትመጣለች ወይ?» ብላችሁ በመጠየቃችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም «ተጣልታችሁ ነው አሉ» እስከማለት በመድረሳችሁ፣ ጉዳዩን በጽሑፍ ማስረዳቱ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ጠብ የለም። ቀዳሚ ተወዛዋዣችን ከዚህ ወር ጀምሮ መድረክ ላይ አትወጣም፤ ከማሰልጠኛ ቤታችን ግን አልለቀቀችም፤ ልጆቹን ታሰለጥናለች፣ ውዝዋዜውንም ታቀናብራለች።

ምክንያቱ ጉልበቷ ነው። እስክስታ የሚያይ ሰው ዓይኑ ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው እንዲያ የሚንቀጠቀጠው ግን ጉልበት ከታች ሸብረክ ብሎ ስለሚሸከመው ነው። የባሌት ተወዛዋዦች የሚሠሩበት የእንጨት ወለል ከሥሩ ክፍተት ተትቶለት ስለሚነጠፍ የዝላዩን ጫና ይጋራል፤ እኛ ግን ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ የምንጨፍረው በአዳራሽ ሴራሚክና በግቢ ሲሚንቶ፣ ሲብስም ድንኳን ውስጥ ምንጣፍ በለበሰ ጠጠር ላይ ነው። ባለፈው ጥር በአንድ ሠርግ ላይ ቁጢጥ ካለችበት መነሳት አቅቷት የአጠገቧን ልጅ ትከሻ ይዛ ስትነሳ፣ ተመልካቹ የውዝዋዜው አካል መስሎት አጨበጨበ። እሷ የወሰነችው ያን ዕለት ነው።

በባሌት ዓለም ይህ የተለመደ መንገድ ነው። ሩሲያዊቷ የባሌት ተወዛዋዥ አግሪፒና ቫጋኖቫ እ.ኤ.አ. በ1916 ከመድረክ ከወረደች በኋላ ወደ ማስተማር ገብታ፣ ዛሬ ስሟ የሚነሳው ከጨፈረችው ይልቅ ባስተማረችው ነው። የባሌት አቀናባሪው ጆርጅ ባላንሺንም ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ሙሉ ትኩረቱን ወደ ማቀናበር አዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በኒውዮርክ «ሴሬናድ» የተባለውን ባሌት ማቀናበር ሲጀምር 17 ተማሪዎች ቢመጡለት ለ17 አሰናዳ፣ አንዷ ብትዘገይ መዘግየቷን፣ አንዷ ብትወድቅ መውደቋን ከሥራው አስገባው። የእኛይቱም እንደዚሁ ናት፤ ያ ትከሻ ይዞ መነሳት አሁን በሙሽሮች መግቢያ ላይ ሁለት ልጆች ሆን ብለው የሚሠሩት እንቅስቃሴ ሆኗል።

ተተኪዎቹ እሷን ይሆናሉ ብለን አናታልላችሁም። ሆኖም ጀርባቸውን ከግድግዳ አስጠግታ፣ ወገባቸው ሳይነቃነቅ ትከሻቸው ብቻ እስኪንቀሳቀስ ድረስ እየደጋገመች ስታሠራቸው ያየ ሰው ቅር እንደማይለው እናምናለን። ትዕግሥቷን ግን ተማሪዎቹን ብትጠይቋቸው ይሻላል።

ቀብድ የከፈላችሁ እሷ በመድረክ እንድትገኝ ብላችሁ ከሆነና በአዲሱ አሠራር ካልተስማማችሁ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቢሮ ስትመጡ ገንዘቡ ሳይቀነስ ይመለስላችኋል። ለምትቀጥሉ ዋጋው አይጨምርም፤ ሚዜዎቻችሁን በአካል ታለማምዳለች፣ ስለዚህ ስንት እንደሆኑና የራያ ጭፈራ ይሁን የሌላው ወሎ እስክስታ የምትሹት አስቀድማችሁ ንገሩን። በተጨማሪም ምንጣፉን ገልጠን ወለሉን እንድናይ ከሠርጉ አንድ ቀን በፊት በር እንድትከፍቱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የማሰልጠኛ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ